የከብት መንገዱ ደብዳቤ

ሄመን ኢቲቻ ኢሜይል የምታነበው እንደ ሌላው ሰው አልነበረም። የእሷ ስክሪን ጥቁር ነው፤ ላዩ ላይ ነጭ ፊደል፣ ሌላ ምንም። የሚያብለጨልጭ ማስታወቂያ የለም፣ ፎቶ የለም፣ በማውዝ የሚነካ ነገር የለም። ደብዳቤ የሚነበበውም፣ የሚጻፈውም፣ የሚፈለገውም ሰው ማስታወሻ በሚጽፍበት ዓይነት ተራ የጽሑፍ ፕሮግራም ውስጥ ነው። ተረፈ "ኤዲተር" ይለዋል። ሌሎቹ የቢሮ ሠራተኞች ደግሞ "የሄመን ጥቁር ሰሌዳ" ይሉታል።

ያበጀላት ተረፈ ራሱ ነው። ከሆሳዕና መጥቶ ሰበታ ያለው የብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ በኮምፒውተር ባለሙያነት የተቀጠረ፣ እሑድ እሑድ ዓለም ገና ጸሎት ቤት ጊታር የሚመታ፣ ለለቅሶም ቢሆን ቀልድ የማያጣ ልጅ ነው።

"እዚህ ከተማ ኢንተርኔት እንደ ቧንቧ ውኃ ነው" አላት ያን ጊዜ። "ሲመጣ በጄሪካን ቀድተሽ ታስቀምጫለሽ። ሲሄድ ከጄሪካኑ ትጠጫለሽ።"

ጄሪካኑ የላፕቶፑ ዲስክ ነበር። መስመር ሲኖር ደብዳቤው ሁሉ ወደዚያ ይወርዳል፤ መስመር ሲጠፋም የሦስት ዓመቱ ደብዳቤ እንዳለ እዚያው ይነበባል። አንዲት ቃል ጽፋ አንድ ቁልፍ ስትጫን ያ ቃል ያለበት ደብዳቤ ሁሉ ዓይን ሳይጨፈን ይደረደራል። እሷ የጻፈችው ደግሞ ወረፋ ይገባል። መስመር የመጣ ለታ ማንንም ሳይጠይቅ በራሱ ይሄዳል።

የፋብሪካው ባለቤት አቶ ነገሳ ቁልፍ ነክተው አያውቁም። እሳቸው ይናገራሉ፣ እሷ በስማቸው ትጽፋለች። የደብዳቤው ሁሉ ራስጌ ላይ የሚነበበው የእሳቸው ስም ነው። ሥራውን ከለመደች በኋላማ ሳይናገሩ ሐሳባቸውን ገምታ አስቀድማ ታዘጋጃለች፤ በትከሻዋ ላይ ጎንበስ ብለው አንብበው ወይ "ላኪው" ይላሉ፣ ወይ "ይቆይ"። ይቆይ የተባለው ረቂቅ ተብሎ ይቀመጣል። ዝርዝሩ ውስጥ ከመስመሩ ጫፍ ትንሽ ምልክት አለችው። ከተከፈተ በኋላ ግን የተላከውና ያልተላከው መልካቸው አንድ ነው፤ ያው ጥቁር፣ ያው ነጭ፣ ያው የአቶ ነገሳ ስም።

ወሩ መስከረም ነበር፣ ሊያልቅ የተቃረበ፤ የቢሾፍቱው የኢሬቻ ሐዘን ገና አልደረቀም። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተሰርዟል ከተባለ ወራት አልፈዋል፤ የታጠረው መሬት ግን እንደታጠረ ነው። ከቡራዩ እስከ ሱሉልታ፣ ከሰበታ እስከ ለገጣፎ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል። መንግሥት በበኩሉ ኢንተርኔቱን ዘግቷል። ሰው "በደሌን ስሙኝ" ሲል ጆሮ መስጠት ሲያቅተው አፉን የሚደፍን መንግሥት በኋላ ጭሱ ከየት መጣ ብሎ ኮሚቴ ያቋቁማል። ጭሱ ከዓለም ገና በኩል እየመጣ ነበር።

ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ጠዋት የገባው ፈረቃ መውጫ አጥቶ ታግዷል። አብዛኞቹ ከወላይታ፣ ከከምባታና ከሐዲያ የመጡ ልጆች ናቸው። እየዘመሩ የሚጸልዩ አሉ፣ ባትሪው ባለቀ ስልክ ላይ አፍጥጠው የሚያለቅሱ አሉ። አቶ ነገሳም ማሽን ሊያስጭኑ ከለገጣፎ ሲነጋ መጥተው እዚያው ተዘግተዋል። መኪናቸው መጋዘን ውስጥ በሸራ ተሸፍኗል።

በሩ ላይ የቆሙት ወጣቶች የሚጠይቁት የማይገባ ነገር አልነበረም። ፋብሪካው ከጀርባው ያጠረው ቦታ የአካባቢው ገበሬ ከብቱን ወደ ወንዝ የሚያወርድበት መንገድ ነው። ከአያት ጀምሮ። አጥሩ ሲተከል መንገዱ ተቆረጠ፤ ከዚያ ወዲህ ከብት ውኃ ለመጠጣት አስፋልት ዞሮ በሲኖትራክ መሀል ያልፋል። ካርታ የሚሥሉ ሰዎች ላም ውኃ እንደሚጠማት አያውቁም ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። ያውቃሉ። ሲሥሉት ግን ላሟ የእነሱ አይደለችም።

ከቀትር በኋላ ግርግሩ ጸጥ አለ። ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው መጡ። እዚያ አገር እርጥብ ሳር የያዘ ሽማግሌ መሀል ሲገባ ድንጋይ ያነሳ እጅ ይወርዳል። ከፊት የሚመሩት የሄመን አባት ኦቦ ኢቲቻ ነበሩ። ልጃቸው ግቢው ውስጥ እንዳለች ያውቃሉ፤ ወደ እሷ ግን አላዩም።

አቶ ነገሳ ወደ በሩ ፍርግርግ ቀረቡ። አባታቸው ጫንጮ ላይ ገበሬ ነበሩ፤ ኦሮምኛቸው ግን የሚወጣው ሲቸግራቸው ብቻ ነው።

"አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ኢቲቻ!"

"ነጋ፣ ነጋ፣ ሰላም ነው። አንተስ ደህና ነህ? ቤተሰብ ደህና? ከብት ደህና?"

"ከብት የለኝም፣ አባቴ።"

"እሱስ ይታወቃል" አሉ ሽማግሌው፤ ከኋላቸው ሳቅ ተሰማ።

"ለአንቱ ብለን ነው የቆምነው፣ ቶሎ በሉት!" ብሎ ጮኸ ደቻሳ። ደቻሳ የሄመን ያጎት ልጅ ነው። እዚሁ ፋብሪካ የቀን ሠራተኛ ነበር፤ ያለ ጓንት ኬሚካል አናነሣም ብሎ የጓደኞቹን ስም ከነስልካቸው ደርድሮ አቤቱታ በኢሜይል ስለላከ ተባረረ። ዛሬ የበሩ ሰልፍ መሪ እሱ ነው።

ኦቦ ኢቲቻ ሳሩን በሁለት እጃቸው ያዙ። "ነገሳ ልጄ፣ አጥሩን ስታቆም ምን አልከን? ለማዘጋጃ ቤቱ ጽፌ መንገዳችሁን አስከፍታለሁ አላልክም? ጽፈህ እንደሆነ ንገረን። ካልጻፍክም ንገረን። ሁለቱንም ለመስማት ነው የመጣነው።"

አቶ ነገሳ ወደ ቢሮው ዞሩ። "ጽፌያለሁ እንጂ! ሄመን፣ ጽፌ የለ? ፈልጊና አንብቢላቸው!"

ሄመን ወደ ቢሮ ሮጠች። ላፕቶፑን ከፍታ "የከብት መንገድ" ብላ ጻፈችና ቁልፉን ተጫነች። አንዲት መስመር ብቅ አለች። አለ! ጽፈዋል! ምልክት አላየች፣ ጫፍ አላየች፤ ከፈተችውና ላፕቶፑን እንደተከፈተ በክንዷ ታቅፋ ወደ በሩ በረረች።

አንድ ዐረፍተ ነገር በአማርኛ፣ ያንኑ በኦሮምኛ እያደረገች አነበበች።

"ለከተማው ማዘጋጃ ቤት። ፋብሪካችን በይዞታው ጀርባ ያጠረው አጥር የነዋሪውን የከብት መንገድ መዝጋቱን እናምናለን። ስለሆነም ነዋሪው በጠየቀ ቀን አጥሩ ስምንት ሜትር ተከፍቶ ለከብት ማለፊያ እንዲሆን የፈቀድን መሆናችንን እንገልጻለን። ነገሳ፣ ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ።"

ከኋላ አንዲት ሴት እልል አለች።

"ማኅተም የለውም" አለ አንዱ።

"ያነበበችው ሌላ ሰው ቢሆን እኔም ማኅተም እጠይቅ ነበር" አለ ደቻሳ። "ሄመኔ፣ ለዛሬ አሠሪሽን አተረፍሽው።"

ኦቦ ኢቲቻ ሳሩን በሩ ሥር፣ ከደጃፉ ቀኝ እስከ ግራ አጋደሙት። "ሰምታችኋል። ነገ ቀትር ላይ ከብታችንን ይዘን በጀርባ እንመጣለን፤ ይከፈታል። እስከዚያ ይህን ሳር የሚረግጥ የኔን ፊት ረገጠ።" ሌሎቹ ሽማግሌዎች መረቁ፤ ወጣቶቹ እያጉረመረሙ ወደ መንገዱ ማዶ ፈቀቅ አሉ። አልሄዱም። ማዶ ሆነው ጎማ ላይ ተቀመጡ።

ሄመን ቢሮ ተመልሳ ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ ስታኖር ዝርዝሩ ስክሪኑ ላይ ነበር። ያን ጊዜ ነው ያየችው። ከመስመሩ ጫፍ፣ ያቺ ትንሽ ምልክት።

ረቂቅ።

ትዝ አላት። አጥሩ ከተተከለ በኋላ የአባቷ ጊደር አስፋልቱ ላይ ተገጭታ ሞተች። በማግሥቱ ማለዳ ቢሮ ገብታ፣ ማንም ሳያዛት፣ በንዴት የጻፈችው ነው። አቶ ነገሳ በትከሻዋ ላይ አነበቡት፤ ምንም አልተቆጡም። "ይቆይ" ብቻ አሉና ስለ ጥጥ ዋጋ ማውራት ጀመሩ። ሕዝብ ፊት ያነበበችው የራሷን ምኞት ነው፣ በሌላ ሰው ስም።

"ዳቦ ትበያለሽ?" ብሎ ተረፈ ገባ። ፊቷን ሲያይ ዳቦውን አስቀመጠ። "ምን ሆንሽ?"

በጣቷ ምልክቱን አሳየችው። ተረፈ ተጠግቶ አየ፣ አፉን ያዘ።

"እህቴ... እኛ ቤተ ክርስቲያን ትንቢት የሚናገር ሞልቷል። አንቺ ግን አንብበሽ ነው የተናገርሽው።"

"አትቀልድ፣ ተረፈ!"

"ካልቀለድኩ እኮ አለቅሳለሁ።"

አቶ ነገሳ እየሳቁ ገቡ። ቀኑን ሙሉ ስቀው አያውቁም። "ጎበዝ! ጎበዝ ልጅ! እኔ እንኳ ረስቼው። እንዲያ አድርገሽ ስታነቢው ራሴም አመንኩ።"

"አልተላከም እኮ፣ አቶ ነገሳ።"

"አውቃለሁ። ባይላክ ነው ደስ ያለኝ።" ወንበር ስበው ተቀመጡ። "ያ መሬት ባንክ ዘንድ ተይዟል፤ ሁለተኛው ሕንፃ የሚቆመው እዚያ ላይ ነው። ስልክ ደውዬ ጨርሻለሁ፣ ነገ ከቀትር በፊት ወታደር ይገባል። እስከዚያ ጊዜ ገዝተሽልኛል። አሁን አጥፊው።"

"አባቴ ሳር ጥለዋል።"

"ሳር ነዋ" አሉ።

ሰው ሰውን የሚንቀው ሲሰድበው ብቻ አይደለም። ይህ ሰው አባቱ እርጥብ ሳር ይዞ ስንት ደም እንዳበረደ ያውቃል፤ እንዲያውም በልጅነቱ ተከትሎ ሄዶ ይሆናል። ስለሚያውቅ ነው ዛሬ ጊዜ መግዣ ያደረገው። ባያውቅማ ኖሮ ይፈራ ነበር።

ሄመን ቁልፉ ላይ እጇን አላሳረፈችም። ብታጠፋው፣ ነገ ቀትር አባቷ ከብቱን ነድተው መጥተው ከተዘጋ ቆርቆሮና ከወታደር ጋር ይፋጠጣሉ፤ ወጣቶቹ ከኋላቸው ናቸው። ወጥታ ለሕዝቡ እውነቱን ብትናገር፣ ሳሩ ዛሬውኑ ይነሣና ግቢው ከነሠራተኛው ይነድዳል። ዝም ብትል፣ ዝምታዋ የነገሳ ነው። ክፍሉ አንድ መስኮት ብቻ ነበረው፤ እሱም ወደ አጥሩ የሚያሳይ።

"ቆይቼ አጠፋዋለሁ" አለች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ኋላው አጥር ሄደች። አጥሩ በባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ የተመታ ቆርቆሮ ነው። ከቆርቆሮው ማዶ የአባቷን ሳል ሰማች። ቦታውን ለማየት መጥተው ነበር።

"አባ!"

"ሄመን? ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ በልተሻል?"

"በልቻለሁ።" አልበላችም። "አባ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ደብዳቤው አልተላከም። የጻፍኩት እኔ ነኝ። እሱ ይቆይ ብሎ አስቀረው። እኔ... ሳነበው አለመላኩን ልብ አላልኩም።"

በቆርቆሮው ቀዳዳ ስታይ ነጭ ጋቢያቸው ወደ እሷ ዞሯል።

"ለምን ነገርሽኝ?" አሉ።

"ይወቁት ብዬ ነዋ።"

"እስከ አሁን የታሰርሽው አንቺ ነበርሽ፤ አሁን እኔንም አሰርሽኝ። ሳሩን ላንሣ? ባነሣው እነዚያ ልጆች ሌላ ቀን ሳር አያከብሩም፣ አንቺም ውስጥ ነሽ። ልተወው? እያወቅሁ በሐሰት ላይ ሳር ጥዬ ማደሬ ነው። በሰባ ዓመቴ!"

"ምን ላድርግ፣ አባ?"

"እኔን ትጠይቂያለሽ? ያስተማርኩሽ ላሞቼን ሸጬ ነው። እስከ ቀትር ጊዜ አለሽ። ያነበብሽው አንቺ ነሽ፤ እውነት ማድረግም ያንቺ ፋንታ ነው።"

ጋቢው ከቀዳዳው ጠፋ። እንዲህ ተቆጥተዋት አያውቁም ነበር።

ቢሮ ገብታ ረቂቁን ከፈተች። ተረፈ ከኋላዋ ቆሞ ነበር። ተቀባይ በሚለው መስመር የማዘጋጃ ቤቱን አድራሻ ጻፈች። ከሥሩ የባንኩን ጨመረች። ከዚያ ፋብሪካው ደብዳቤ የሚጻጻፈውን ሁሉ፤ ጥጥ ሻጩን፣ ኢንሹራንሱን።

"ሄመን፣ ይሄ እኮ የሰው ስም ነው" አለ ተረፈ፤ አሁን አልቀለደም።

"መንገዱስ የማን ነው?"

"የእናንተ። ፊርማው ግን የሱ ነው። በሕግ ከሄድን አንቺ ነሽ ጥፋተኛዋ።"

"በሕግ ከሄድን? በየት በኩል ነው የሚኬደው፣ ተረፈ? አሳየኝና ልሂድበት! ሦስት ዓመት ማዘጋጃ ቤት ደጅ ጠንተን በሕግ ሄደን አይደል እዚህ የደረስነው?"

የመላኪያውን ቁልፍ ተጫነች። ስክሪኑ ግርጌ ላይ ወረፋ መግባቱን የሚገልጽ አጭር መስመር ታየ። ቀጥላ ወረፋው የሚከፈትበትን የይለፍ ቃል ቀየረችና ለአቶ ነገሳ ልትነግራቸው ሄደች። ተደብቆ የሚደረግ ነገር አልፈለገችም፤ ፈርታም ቢሆን ፊት ለፊት።

አቶ ነገሳ መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ወደ ቢሮው እየሮጡ ገብተው ላፕቶፑን ጎተቱት፣ ያገኙትን ቁልፍ ሁሉ መደብደብ ጀመሩ። ስክሪኑ ላይ አንድ የቆየ የባንክ ደብዳቤ ተከፍቶ መሀሉ ላይ "ድድድድድ" የሚል ረጅም መስመር ተጻፈበት።

"የታለ? የታለ ማጥፊያው? ምን ዓይነት የሰይጣን ዕቃ ነው!"

"የጽሑፍ ዕቃ ነው፣ የነኩትን ይጽፋል" አለ ተረፈ።

"አንተ አጥፋው!"

"የወረፋውን የይለፍ ቃል ቀይራለች።"

"እሰብረዋለሁ!" ላፕቶፑን ከፍ አደረጉት።

"ይስበሩት" አለ ተረፈ። "የኢንሹራንሱ ውል፣ የጥጡ ክፍያ፣ የባንኩ ነገር፣ ሁሉም ያለው እዚያ ዲስክ ላይ ብቻ ነው። ውጭ ያለው ቅጂ ይጥፋ፣ ማንም እንዳያየኝ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ነገ ፋብሪካው ቢቃጠል በምን ካሳ ይጠይቃሉ?"

ላፕቶፑ ለረጅም ጊዜ አየር ላይ ቆየ። ከዚያ አቶ ነገሳ ሕፃን እንደሚያስተኙ ቀስ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

"መስመር የለም" አሉ እየተነፈሱ። "መስመር እስከሚመጣ ወታደሩ ይመጣል። ያን ጊዜ በስሜ የጻፍሽውን ለእነሱ ታስረጃለሽ። አጥሩ አይነካም።"

ሲነጋ በሩ ላይ ያለው ሳር ጠውልጎ እዚያው ነበር። ረፋዱ ላይ ሄመን ወደ መመገቢያ አዳራሹ ሄደች። ሠራተኞቹ ወለሉ ላይ ተጋድመዋል። ምን ብላ እንደምትጀምር አላወቀችም፤ እነዚህ ልጆች የዚህ አገር ከብት መንገድ ዕዳ የለባቸውም። ትናንት ከደጅ "መጤ" ተብለው ሲሰደቡ ሰምታለች፤ ከሰዳቢዎቹ መሀል ዘመዷም አለ።

ተረፈ አዳናት። ጠረጴዛ ላይ ወጣ። "ወንድሞች፣ እህቶች! የፊት በሩ ላይ ሳር አለ፣ አንረግጠውም። የጀርባው አጥር ቢከፈት ግን ከብት ይገባል፣ ሰው ይወጣል። ከብቱ ከመጣ አብረን ነው የምናልፈው፤ ሽማግሌዎቹ ቃል ይገባሉ። የሽመና ማሽን መፍቻ ያለው ማነው?"

"ኧረ ባለቤቱ ምን ይላል?" አለች ጣቢታ የምትባል የፈትል ክፍል ልጅ።

"አይነካም ብሏል።"

"እኛንም አይነኩንም ብሎን ነበር" አለችና ተነሣች።

በመፍቻ፣ በብረት ዘንግ፣ በባዶ እጅ ቆርቆሮውን ይገነጥሉት ጀመር። ምስማሩ ሲነቀል የሚያሰማው ጩኸት ግቢውን ሞላው። አቶ ነገሳ ከቢሮው ወጥተው "ሌቦች! ደሞዛችሁን እቆርጣለሁ!" እያሉ ቢሮጡም አንድ ምሰሶ ሲወድቅ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ሄመን በሜትር ለካች። ስምንት። ደብዳቤው ላይ እንዳለው፣ አንድ ጣት አልጨመረችም።

ኦቦ ኢቲቻ ቀትር ላይ መጡ። ሀሞት የመሰለ ፊት ይዘው፣ ከከብቶቹ ፊት ብቻቸውን፣ በትራቸውን አንግተው ነበር። ምን እንደሚጠብቃቸው አላወቁም። ክፍቱን ሲያዩ ቆሙ። ከዚያ ቀዩን በሬ በመዳፋቸው ቸብ አደረጉት፤ በሬው አሸተተና ገባ። ከኋላው ላሞቹ። ከላሞቹ ጎን ለጎን በተቃራኒው የፋብሪካው ልጆች ጥቅላቸውን አንጠልጥለው ይወጣሉ። ደቻሳ ራሱ እጁን ዘርግቶ "በዚህ፣ በዚህ፤ ማንም አይነካችሁም" እያለ ያሳልፍ ነበር።

ሁለት የወታደር መኪና በፊት በር የገባው ያን ጊዜ ነው።

መቶ አለቃው ወጣት ነው፤ ያልተኛ ሰው ዓይን አለው። ወደ ጀርባ መጥቶ ከብቱን፣ ሕዝቡን፣ የወደቀውን ቆርቆሮ አየ። "ይህን ማን ፈቀደ?" አለ።

ሁሉም አቶ ነገሳን አየ። ሽማግሌዎቹ አዩአቸው፣ ወጣቶቹ አዩአቸው። "እኔ አልፈቀድኩም" ቢሉ እዚያው ምን እንደሚነሣ ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ፋብሪካቸው ገና አልተቃጠለም።

"እኔ ነኝ" አሉ። "ደብዳቤም አለው።"

"አሳዩኝ።"

ቢሮ ገቡ። ሄመን በመቶ አለቃው ፊት "የከብት መንገድ" ብላ ጻፈች፤ ደብዳቤው ወጣ። አነበበው። ዓይኑ ግን ደብዳቤው ላይ አልቀረም።

"ቃሉን ስትጽፊ ወዲያው አወጣው። የስንት ጊዜ ደብዳቤ ነው እዚህ ያለው?"

"የሦስት ዓመት።"

"ስም ቢሰጡትስ? ትናንት በሩ ላይ ሕዝቡን የሚመራ ልጅ ነበር አሉ። ደቻሳ። እስቲ ደቻሳ ብለሽ ጻፊ።"

ያ አቤቱታ እዚያ ውስጥ ነው። የደቻሳ ስልክ፣ የጓደኞቹ ስም ከነስልካቸው ተደርድሮ። አንድ ቁልፍ ብቻ። ሄመን አዲስ ባዶ ገጽ ከፈተችና መሀሉ ላይ "ደቻሳ" ብላ ጻፈች። የመፈለጊያውን ቁልፍ አልነካችም። ጥቁሩ ስክሪን ላይ አንዲት ነጭ ቃል ብልጭ ድርግም በሚል መስመር አጠገብ ቆማ ቀረች።

"ይኸው" አለች። "የለም።"

መቶ አለቃው ስክሪኑን አየ። ከዚያ ወደ አቶ ነገሳ ዞረ። "እውነት ነው?"

አቶ ነገሳ ሦስት ዓመት በዚያች ትከሻ ላይ ቆመው ስትፈልግ አይተዋል። ሲፈለግ ቃሉ የሚጻፈው ግርጌ ላይ እንጂ መሀል ላይ እንዳልሆነ ያውቃሉ። ለባንኩ ሰው፣ ለመሬት ቢሮው ሰው የጻፉትም እዚያው ውስጥ መሆኑን ያውቃሉ፤ ስም እየጻፈ የሚፈልግ ወታደር ደቻሳ ላይ እንደማይቆምም።

"አሮጌ ዕቃ ነው" አሉ። "ያልነገሩትን አያገኝም።"

"ይሁን። መርማሪ እስኪመጣ ግን ይህ ዕቃ ከዚህ ክፍል አይወጣም። የምታውቀው እሷ ከሆነች፣ እሷም አትወጣም። እርስዎም።" በሩ ላይ አንድ ወታደር አቁሞ ሄደ።

ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። በመስኮቱ በኩል ከብቶቹ ወደ ወንዙ ሲወርዱ ይታያል። ተረፈ ከውጭ፣ ከክፍቱ ማዶ፣ ከአባቷ ጋር ቆሞ እጁን ያውለበልባል፤ ነይ እንጂ እያላት ነው። አባቷ ወደ መስኮቱ ቀና ብለው አዩ። በትራቸውን ትንሽ ከፍ አድርገው መለሱት። እሷ እጇን ለማንሣት ስትል ሌላ ወታደር ከውጭ መስኮቱን ጋርዶ ቆመ።

"አየሁሽ" አሉ አቶ ነገሳ።

"እኔም አየሁዎት።"

"ላባርርሽ አልችልም።"

"ልሄድም አልችልም።"

ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ጠረጉ። ከወንበሩ ኋላ መጥተው እንደወትሮው በትከሻዋ ላይ ቆሙ። ትንፋሻቸው ጆሮዋ ላይ ይሰማታል።

"ያ የላክሽው ከወረፋው ወጥቶ ባንኩ ዘንድ ሲደርስ አብሮት ማብራሪያ መድረስ አለበት" አሉ። "ቁጭ በይና ጻፊ። ለባንኩ።"

"ምን ብዬ?"

ውጭ አንዲት ላም ጮኸች።

"በመያዣነት የሰጠነው መሬት በስምንት ሜትር መጥበቡን እንገልጻለን በይ።"

ጻፈችው። አቶ ነገሳ ጎንበስ ብለው ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ ወደ ዝርዝሩ ስትመልሰው ከመስመሩ ጫፍ ያለችውን የረቂቅ ምልክትም አዩ።

"ላኪው" አሉ።